ሣጥኑ ላይ ያሉት ሦስት ፊደላት፦ ወደ አሜሪካ የፈለሱ ኖርዌጂያኖችን የዘር ሐረግ ፍለጋ

ልጄ አራተኛ ክፍል ሳለች የቤት ሥራ መጣባት። የቤተሰብሽን ዛፍ ሥሪ ተባለች። በእኔ በኩል ያለው በአንድ ማታ አለቀ። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ አባቴ ስልኩ ላይ እስከ ሰባት ቤት ቆጠረልኝ፤ እኔ ጻፍኩ። በአባቷ በኩል ግን ዛፉ ቅጠል አልነበረውም። ባለቤቴ ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ ነው። ዘራችሁ ከየት ነው ሲሉት «ኖርዌጂያን ነን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ማን መጣ? ከየትኛው አገር ቤት? መቼ? እናቱም አያውቁም።

የነበራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። አማቴ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አለ። ክዳኑ ጎበጥ ያለ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ አበባ ተሥሎበታል። ከአበባው ሥር «ጂ፣ ኤል፣ ዲ» የሚሉ ሦስት ፊደላትና 1868 የሚል ዓመት አለ። ቤተሰቡ ለዓመታት «የአባቶቻችን ስም በዲ የሚጀምር ነበር» ሲል ኖሯል። በዲ የሚጀምር ስም ግን ማንም አግኝቶ አያውቅም።

ያ የቤት ሥራ ስድስት ዓመት አለፈው። ልጄ ረስታዋለች። እኔ ግን ለቀቅ አላደረገኝም። ከኖርዌጂያን ዘር ጋር ለተጋባችሁ፣ ልጆቻችሁ ግማሽ ጎናቸው ከዚያ ለሆነ፣ ወይም እንዲሁ ነገሩ ለሚስባችሁ መንገዱን እንዲህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት፣ ታሪኩ በአጭሩ

ጁላይ 4 ቀን 1825 «ሬስታውራሾን» የምትባል ትንሽ የሸራ መርከብ ከስታቫንገር ወደብ 52 ሰው ይዛ ተነሳች። ኦክቶበር 9 ኒው ዮርክ ስትደርስ 53 ሆነው ነበር፤ መንገድ ላይ ልጅ ተወልዶ። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ከ800,000 በላይ ኖርዌጂያን ተከትሏቸዋል። ብዙው የሰፈረው ዊስከንሰን፣ ሚኒሶታ፣ አዮዋና ሁለቱ ዳኮታዎች ነው።

ለምን ሄዱ ለሚለው፣ ርስት የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ኖርዌይ ውስጥ ኦዴል የሚባል የርስት መብት አለ። እርሻው ሳይቆራረጥ ለበኩሩ ያልፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ልጅስ? ወይ የሰው መሬት ላይ ጢሰኛ ይሆናል፣ ወይ ይሄዳል። ጢሰኛውን እነሱ «ሁስማን» ይሉታል። አሜሪካ ደግሞ በ1862 አንድ ሕግ አወጣች። አምስት ዓመት ኖሮበት ላረሰው ሰው 160 ኤከር ትሰጣለች። በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። ጢሰኛ ለነበረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አንደኛ፦ ውቅያኖሱን ለመሻገር አትቸኩሉ

የጀማሪ ሁሉ ስህተት ይህ ነው። ስሙን ይዞ በቀጥታ የኖርዌይ መዝገብ ውስጥ ይገባል። እዚያ አንድ ሺህ ላርስ ኡልሰን ቆመው ይጠብቁታል።

ኖርዌይ ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር እጃችሁ ላይ ይኑር። አንደኛ፣ ሰውየው በተወለደበት አገር ይጠራበት የነበረው ስም ከአባቱ ስም ጋር። ሁለተኛ፣ የተወለደበት ቀን፤ ቢያንስ ዓመቱ። ሦስተኛ፣ የመጣበት አጥቢያ፤ ከተቻለም የእርሻው ስም። ከሦስቱ ሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። የኖርዌይ መዝገብ የተሠራው በቦታ ነው። ቦታውን ከያዛችሁ ሰውየው ይገኛል። ቦታው ከሌለ የትም አትደርሱም።

እነዚህ ሦስቱ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ተነሱና ወደ ኋላ ሂዱ። ከባል ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ አያቷ። አንድ ትውልድ ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው አትዝለሉ።

ሁለተኛ፦ ቤት ያለውን አሟጡ

ቡና አፍልታችሁ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ። ኖርዌጂያኖች ቡና ላይ ከእኛ አያንሱም፤ ወሬው ይመጣል። ስልካችሁ ይቅዳ። «ቅድመ አያትሽ ማን ነበረች?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ገና ማን ቤት ነበር የምትሄዱት? አክስት እያላችሁ የምትጠሯት ማን ነበረች? እርሻው አጠገብ ማን ነበር?» በሉ። ሰው ስምና ዓመት ይረሳል፤ የገናውን ምግብና የጎረቤቱን ጠብ ግን አይረሳም።

ከዚያ ዕቃውን እዩ። አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር መጽሐፍ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ ላይ የልጆች ልደት ይጻፍበታል። የፎቶ ጀርባ የፎቶ ቤቱን ከተማ ይናገራል። ፖስታ ላይ ያለ ማኅተም አጥቢያውን ይሰጣል። ብዙዎቹ ሲሰደዱ ከቄሳቸው የምስክር ወረቀት ይዘው ነበር የሚወጡት። በማይነበብ ጽሑፍ የተሞላ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ብጫቂ ወረቀት ካገኛችሁ እሱ ሊሆን ይችላልና አትጣሉት። የእኛ ሣጥን ውስጥ የነበረው ግን ያረጀ ጋዜጣና አንድ የእንጨት ማንኪያ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ የአሜሪካ መዝገቦች

ገንዘብ ለማውጣት አትሩጡ። ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነፃ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። አንሴስትሪ የሚባለው ሌላው ድረ ገጽ በክፍያ ነው፤ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ለአንባቢዎቻቸው በነፃ ይከፍቱታል። የሰፈራችሁን ጠይቁ።

መጀመሪያ የሕዝብ ቆጠራውን ውሰዱ። በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል፤ እስከ 1950 ያለው ለሕዝብ ክፍት ነው። ቤተሰቡን በስም በስም የሚጽፈው ከ1850 ወዲህ ያለው ነው። ለስደተኛ ቤተሰብ ወርቁ የ1900ው ነው፤ የተወለዱበትን ወርና ዓመት፣ አሜሪካ የገቡበትንም ዓመት ይጠይቃል። የ1890ውን አትፈልጉ፤ በ1921 በተነሳ እሳት ሳቢያ የለም ማለት ይቻላል። በመሃል ግዛቶቹ በራሳቸው ያደረጉት ቆጠራ አለ። ሚኒሶታ በ1905 ቆጥራለች። አዮዋ በ1925 ስትቆጥር የእያንዳንዱን ሰው አባትና እናት ስም፣ የእናትየውን የልጅነት ስም ሳይቀር ጽፋለች።

ዕድሜን አትመኑ። ሰውየው በ1880 ሠላሳ፣ በ1900 አርባ ስድስት ሊሆን ይችላል። ስንቶቻችን ጃኑዋሪ 1 የተወለድን ሆነን አሜሪካ ገብተን የለ? ወረቀት ያው ወረቀት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ወዲህና ወዲያ አድርጋችሁ ፈልጉ።

የዜግነት ወረቀትም አለ። ከሴፕቴምበር 1906 በፊት የነበረው ብዙ ጊዜ «የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥን ትቻለሁ» ከማለት አያልፍም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የልደት ቀንና ቦታ፣ መርከብ፣ የሚስትና የልጆች ስም ይይዛል። እስከ 1922 ድረስ ሚስት በባሏ ዜግነት ስለምትገባ የሴት ወረቀት ለብቻው አትጠብቁ። መሬት የወሰደ ሰው ከሆነ ደግሞ የመሬቱ ፋይል ዋሽንግተን ብሔራዊ መዝገብ ቤት አለ። ምን ያህል ክፍል ያለው ቤት እንደሠራ፣ ስንት ኤከር እንዳረሰ ጎረቤቶቹ የመሰከሩበት ወረቀት ውስጡ ይገኛል።

አብዛኛው ሰው የማያስበው አንዱ የወታደር ምልመላ ካርድ ነው። በ1942 ሽማግሌዎቹን ሳይቀር መዝግበው ነበር፤ ከ1877 እስከ 1897 መጀመሪያ የተወለዱትን። ካርዱ የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። አንዳንዱ «ኖርዌይ» ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ግን የሰፈሩን ስም ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ዕድለኛ ናችሁ።

አራተኛ፦ ቤተ ክርስቲያኑ

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉና እዚህ ኑ።

ኖርዌጂያኖቹ የሉተራን እምነት ተከታዮች ናቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሜዳው መሃል ቤተ ክርስቲያን ይተክላሉ። ቄሱም አገር ቤት በለመደው መልክ መዝገብ ይይዛል፤ ጥምቀት፣ ጋብቻ፣ ቀብር። የቆጠራ ጸሐፊው «ኖርዌይ» ብሎ ያለፈውን ቄሱ «ከዚህ አጥቢያ፣ ከዚህ እርሻ» ብሎ ይጽፈዋል። እሱ ራሱ የዚያው አገር ሰው ነዋ! ስሙንም በትክክል ይጽፋል።

ብዙዎቹ መዝገቦች ተቀርጸው አንሴስትሪ ላይ ይገኛሉ። ዊስከንሰን፣ ማዲሰን ከተማ ውስጥ ያለው የኖርዌጂያን አሜሪካውያን የዘር ጥናት ማዕከልና የኔሴት ቤተ መጻሕፍትም ትልቅ ክምችት አለው። የተጻፉት ግን እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ ድረስ በኖርዌጂኛ ነው። አትደንግጡ፤ ሃያ ቃል ብታውቁ ይበቃል። «ፎትት» ተወለደ፣ «ደፕት» ተጠመቀ፣ «ዶድ» ሞተ፣ «ቪዬ» ተጋቡ፣ «ኤንከ» ባሏ የሞተባት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በአንድ መንደር ሁለት የኖርዌጂያን ቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንዴም ፊት ለፊት ተያይተው፣ ልታገኙ ትችላላችሁ። በ1880ዎቹ በአንድ የሃይማኖት ክርክር ተጣልተው ተከፋፈሉ፤ ብዙዎቹ እንደገና የተዋሃዱት በ1917 ነው። አያታችሁ በአንዱ ከሌለች መንገዱን ተሻግራችሁ በሌላው ፈልጓት። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ስደት ላይ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ሲከፈል ያላየ ሐበሻ አለ?

የእኛንም ቋጠሮ የፈታው ይህ ነው። በቤተሰቡ ዘንድ ጁሊያ የምትባለው ቅድመ ቅድመ አያት በቄሱ መዝገብ ላይ ጉሪ ናት። ከጎኗ «ቫንግ» ይላል። አጥቢያ ተገኘ ማለት ነው። እልል አልኩ። ቶሎ ማለቴ እንደነበር በኋላ ታያላችሁ።

አምስተኛ፦ ስም፤ እዚህ ጋ እኛ እንበልጣለን

አሜሪካኖቹ የሚሰናከሉት እዚህ ነው። «የቤተሰብ ስም» ይፈልጋሉ። አልነበረማ!

የጥንቱ ኖርዌጂያን ስም እንደኛው ነው፤ የራስ ስምና የአባት ስም። ኡሌ የሚባል ሰው ላርስ የሚባል ልጅ ቢወልድ ላርስ ኡልሰን ይባላል፤ ላርስ የኡሌ ልጅ። ላርስ ደግሞ ወንድ ሲወልድ ኡሌ ላርሰን ይሆናል። ሴት ሲወልድ ካሪ ላርስዳተር ትባላለች፤ «ዳተር» ሴት ልጅ ማለት ነው። ካሪ ብታገባ ስሟ አይለወጥም፤ የአባቷ ልጅ ሆና ትኖራለች።

ይህን አማቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሳስረዳ ነው ሣጥኑ ትዝ ያለኝ። ጂ፣ ኤል፣ ዲ። ዲ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ «ዳተር» ነው። ጉሪ፣ የላርስ ልጅ። እንደዚያ ዘመን ልማድ የወንድ ዕቃ ላይ መጨረሻው ኤስ ይሆናል፤ የሴት ዕቃ ላይ ዲ። ቤተሰቡ ስንት ዓመት ሙሉ የፈለገው ስም «ልጅ» የሚለው ቃል ነበር። አማቴ ቡናቸውን አስቀምጠው «ስምሽ እንዴት እንደሆነ እስኪ ድገሚልኝ» አሉኝ። የራሴን ስም ከነአባቴ ከነአያቴ ነገርኳቸው። ያን ዕለት ገባቸው። እኔና ባለቤቴ ስማችን ስለሚለያይ አንድ ቢሮ ውስጥ «ተፋታችሁ እንዴ?» የተባልነውንም ያን ዕለት ነው የነገርኳቸው።

ልዩነቱ ሦስተኛው ስም ላይ ነው። እኛ አያትን እንጨምራለን፤ እነሱ እርሻውን ይጨምሩ ነበር። ላርስ ኡልሰን ሃውገን ማለት ሃውገን የሚባል እርሻ ላይ የሚኖረው ላርስ ማለት ነው። አድራሻ እንጂ የዘር ስም አይደለም። ወደ ባከን ቢዛወር ላርስ ኡልሰን ባከን ይሆናል። ደግሞም በእርሻው ስም ተጠራ ማለት የእርሻው ባለቤት ነው ማለት አይደለም፤ ጢሰኛውም ይጠራበታል። ሃውገን፣ ባከን፣ ሞዔን፣ ሊየን፣ በርግ የሚባል እርሻ ደግሞ በየሸለቆው ሞልቷል። ስለዚህ ሃውገን የሚል ስም ስላገኛችሁ ብቻ ቦታ አገኘሁ አትበሉ። ኖርዌይ ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ ያስገደደችው በ1923 ነው።

አሜሪካ ሲገቡ ምን ሆነ? ሦስት ወንድማማች አንድ ወረዳ ውስጥ ሰፍረው አንዱ ኦልሰን፣ ሁለተኛው ሃውገን፣ ሦስተኛው ሌላ ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል። ሴቶቹም «ዳተር»ን ጥለው ኦልሰን ሆኑ። የራሳቸውም ስም ተለወጠ። ካሪ ኬሪ፣ ላርስ ሉዊስ፣ ጉሪ ጁሊያ። ተስፋዬ ቴስ እንደሚሆነው።

አጻጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የቆጠራ ጸሐፊው በጆሮው የሰማውን ነው የሚጽፈው። በኖርዌጂኛ ኤች ከጄ በፊት ሲመጣ አይሰማም፤ በኤች የሚጻፈው ስም በአሜሪካ መዝገብ በዋይ ሊጀምር ይችላል። ስትፈልጉ ስሙን ሙሉውን አትጻፉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ጽፋችሁ ኮከብ ምልክት አድርጉ። አልወጣ ሲል የቤተሰብ ስሙን ጭራሽ ተዉትና በራስ ስም፣ በልደት ዓመትና በወረዳ ፈልጉ።

የስም አወጣጥ ልማዳቸውም ይረዳችኋል። የበኩር ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል፤ ሁለተኛው የእናቱን አባት። ሴቶቹም እንዲሁ በአያቶቻቸው ይጠራሉ። የሞተ ልጅ ካለ ስሙ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ሚስቱ ሞታበት ዳግመኛ ያገባ ሰው ደግሞ ከአዲሲቱ ሚስት የወለዳትን የመጀመሪያ ሴት ልጅ በሟቿ ስም ሊጠራት ይችላል። ሕግ አይደለም፤ ፍንጭ ነው። የልጆቹን ስም በተራ ጻፉና ተመልከቱት። አያቶቹ ከውስጡ ብቅ ይላሉ።

ስድስተኛ፦ መርከቡ

ሁሉም ሰው መርከቡን ማወቅ ይፈልጋል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለዘር ሐረግ መርከቡ ብዙም አይጠቅምም። አብዛኛው የመንገደኛ ዝርዝር «ኖርዌይ፣ ገበሬ» ብሎ ያልፋል።

ከፈለጋችሁ ግን ይህን ዕወቁ። ከ1850 ገደማ እስከ 1860ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብዙዎቹ የገቡት በካናዳ፣ በኩቤክ በኩል ነው። የሸራ መርከቦቹ ሰው አድርሰው እንጨት ጭነው ይመለሱ ስለነበር ነው። እነዚህን ኒው ዮርክ ላይ መፈለግ በከንቱ መድከም ነው። በእንፋሎት መርከብ ዘመን ደግሞ ብዙው ሰው መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ሃል ወደብ ይሻገራል። ከዚያ በባቡር ሊቨርፑል፣ ከሊቨርፑል በሌላ መርከብ አሜሪካ። ስለዚህ የኖርዌይ መዝገብ አንድ መርከብ፣ የአሜሪካ መዝገብ ሌላ መርከብ ቢላችሁ ሁለቱም ልክ ናቸው። ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ስደተኞች የሚመዘገቡበት ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በ1892 ነው። ስደቱ ጣሪያ የነካው በ1882 ነበር። «ስማችንን ኤሊስ አይላንድ ላይ ቀየሩት» የሚለውን የቤተሰብ ተረት በፈገግታ እለፉት።

ሰባተኛ፦ አሁን ተሻገሩ

የኖርዌይ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ዲጂታላርኪቬት የሚባል ድረ ገጽ አለው። ነፃ ነው፤ በእንግሊዝኛም ይሠራል። ክሬዲት ካርድ አይጠይቃችሁም።

በቆጠራው ጀምሩ። የ1801፣ የ1865፣ የ1875፣ የ1900፣ የ1910 እና የ1920 ቆጠራዎች በስም ይፈለጋሉ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የልደት ዓመትና አጥቢያ አስገቡ። የ1865ቱን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሰዎቹን ብቻ አይደለም፤ ከብቱንና ዘሩንም ይቆጥራል። ስንት ላም፣ ስንት በግ፣ ምን ያህል ገብስና ድንች እንደተዘራ ይጽፋል። የጉሪ አባት የጢሰኛ ጎጆ ውስጥ ሦስት ላምና ጥቂት በግ ይዞ ቁጭ ብሏል። ፈረስ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጅቱ ለምን ሣጥን እንዳስቀባች ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ። አንዳንዱ ተገልብጦ በስም ይፈለጋል፤ ሌላው ፎቶው ብቻ ነውና ገጽ በገጽ ማንበብ ነው። ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር አለ። አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው እምነታቸውን ተፈትነው የሚያጸኑበት መዝገብም አለ። «ገቢ» እና «ለቃቂ» የሚባል መዝገብ ደግሞ ለብቻው አለ። ለቃቂው ውስጥ «አሜሪካ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ከአንድ አጥቢያ አንድ ገጽ ሙሉ «አሜሪካ፣ አሜሪካ፣ አሜሪካ» እየተባለ ሲወርድ ታያላችሁ። ፖሊስ የያዘው የስደተኞች መዝገብ በአንዳንድ ወደቦች ከ1867 ገደማ ጀምሮ አለ፤ ቤርገን ግን የሚጀምረው በ1874 ነው።

ጽሑፉ ጎቲክ የሚባል የድሮ የእጅ አጻጻፍ ነው። መጀመሪያ ቀን ሁሉም የዶሮ ጭረት ይመስላችኋል። ዘዴው የምታውቁትን ስም መፈለግ ነው። ኡሌ፣ ላርስ፣ ካሪ በየገጹ አሉ፤ ከእነሱ የቄሱን ፊደል ገበታ ሥሩ። አንዱ መዝገብ ካልተነበበ ሌላ ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ የቄሱ ረዳት ለብቻው ይይዝ ነበር።

ቀኑ ላይም ተጠንቀቁ። ኖርዌጂያን ቀኑን ያስቀድማል፤ 7.3 ማርች 7 ነው እንጂ ጁላይ 3 አይደለም። «8ብሪስ» የሚል ካገኛችሁ ስምንተኛው ወር እንዳይመስላችሁ፤ ኦክቶበር ነው። በጣም አሮጌው መዝገብ ደግሞ ቀን አይጽፍም፤ በዓሉን ነው የሚጽፈው። «ከሥላሴ በኋላ ሦስተኛው እሑድ» ይላል። የፈረንጅ ጓደኞቼ ይህ ያበሳጫቸዋል። «ልጄ የተወለደው የሚካኤል ማግስት ነው» ስትል እናቴን እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ ግን ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው። የእነሱ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29 ነው።

ጥምቀት ስታገኙ የክርስትና አባትና እናቶቹን ስም ሳትጽፉ አትለፉ። እንደኛ አንድ ብቻ አይደሉም፤ አራት አምስት ይሆናሉ፤ ከነእርሻቸው ይጻፋሉ። ብዙዎቹ አጎትና አክስት ናቸው። «ኡዌክተ» የሚል ቃል ካያችሁ ልጁ ከጋብቻ ውጭ ተወልዷል ማለት ነው። የተለመደ ነበር። ለአማት ከመንገር በፊት ግን ቡና አቅርቡ።

ያገኛችሁትን ገጽ ሁሉ ቋሚ ሊንኩን ቅዱ። ድረ ገጹ ለየገጹ ይሰጣል። እኔ በመጀመሪያ «አስታውሰዋለሁ» ብዬ አንድ ጋብቻ ሁለት ጊዜ ፈልጌያለሁ።

ሦስት ወር የሰው አያት ቆጠርኩ

አሁን ወደ ቫንግ እንመለስ። ኖርዌይ ውስጥ ቫንግ ሁለት ነው። አንዱ ዛሬ ሃማር ከተማ ሥር የገባው በሄድማርክ ያለው ነው። ሌላው ቫልድሬስ ሸለቆ ውስጥ ነው። እኔ መጀመሪያ የወጣልኝን ያዝኩ። እዚያም ጉሪ ላርስዳተር አለች! ዓመቷም ይቀራረባል። አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን እያልኩ ወጣሁ። ሦስት ወር። ቻርቱን አሳትሜ ፍሬም ልገዛ ነበር።

አንድ ማታ እንዲያው ለመሙላት ያህል የቀብሩን መዝገብ ከፈትኩ። ያቺ ጉሪ በሁለት ዓመቷ ሞታለች።

ስለዚህ ጥምቀት ያገኛችሁለትን ሰው ሁሉ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ቀብር መዝገብ ውስጥ ፈልጉት። እንዳይኖር እየጸለያችሁ። ከዚያም በሦስት ቦታ አረጋግጡ። የቫልድሬሷን ጉሪ በጥምቀት አገኘኋት፤ በ1865 ቆጠራ አገኘኋት፤ በለቃቂዎች መዝገብ በ1868 «አሜሪካ» ተብላ አገኘኋት። ዓመቱ ከሣጥኑ ጋር ገጠመ። ሌላ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሠራውን ዛፍም በዚሁ ወንፊት ሳታጠሩ አትቅዱ።

ስምንተኛ፦ የእርሻው መጽሐፍ

እርሻውን ካወቃችሁ ሥራው በአንዴ ይቀላል። አብዛኛው የኖርዌይ ወረዳ «ቢግደቦክ» የሚባል መጽሐፍ አለው። እርሻ በእርሻ፣ ማን እንደኖረ፣ ማንን እንዳገባ፣ ስንት እንደወለደ፣ ማን አሜሪካ እንደሄደ ይዘረዝራል። ማዲሰን ያለው ማዕከል ብዙ ቅጂ አለው። በመጽሐፉም ቢሆን አትዝናኑ፤ ጢሰኞቹን አንዳንዴ ይዘላቸዋል፤ የጻፈውም ሰው ነው፤ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። እርሻዎቹ ቁጥር አላቸው። ሃውገን ከሃውገን የሚለየው በቁጥሩ ነውና ጻፉት።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «ቢግደላግ» የሚባሉ የአንድ አገር ልጆች ማኅበራት አሉ። እንደኛ የአገር ልጅ ዕድር በሉት። የመጀመሪያዎቹ የቫልድሬስ ሰዎች ናቸው፤ በ1899 ሚኒያፖሊስ ተሰበሰቡ። ዛሬም ብዙዎቹ በየዓመቱ ይገናኛሉ፤ የዘር ሐረግ የሚያውቅ ሰውም አያጡም። ደብዳቤ ስትጽፉ የያዛችሁትን ሦስቱን ነገር በመጀመሪያው መስመር አስቀምጡ።

ስለ ዲኤንኤ ምርመራ በአጭሩ። ወረቀት ሲያልቅ ይረዳል፤ በተለይ አባት ያልተጻፈለት ልጅ ሲኖር። ግን እነዚህ ሸለቆዎች ውስጥ ሰው ለዘመናት እርስ በርሱ ተጋብቷል። ሰባት ቤት አይቆጥሩም ነበር። ስለዚህ ሦስተኛ ዘመድ የሚመስለው ብዙ ራቅ ያለ ሊሆን ይችላል።

መጨረሻ ላይ፦ እርሻው ጋ መጻፍ

ዛሬ እዚያ ለሚኖሩት መጻፍ ትችላላችሁ፤ ያካባቢው የታሪክ ማኅበር ያገናኛል። አጭር አድርጉት። ማን እንደሄደች፣ መቼ፣ ከየትኛው ጎጆ። ገና ከመጀመሪያው «መሬት አልጠይቅም» የሚል መንፈስ ይኑረው። የርስት ነገር እዚያም ስሱ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ጨምሩበት፤ የእኛ ደብዳቤ የሣጥኑም ፎቶ ነበረበት።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። ጽሑፉ አራት መስመር ነው። ጎጆዋ ፈርሳለች፤ የመሠረቱ ድንጋይ ግን አለ ይላል። ከሥሩ አንድ ፎቶ ተያይዟል፤ የዋናው እርሻ ጎተራ በር። በሩ ላይ በቢላ የተቀረጹ የብዙ ሰዎች ፊደላት አሉ። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። የሚፈልጉት በዲ የሚያልቀውን ነበር።